የረቂቅ ተሕዋስያን የዘር ማኅደር ታሪክ፦ ከቁስቋም ፈንጣጣ እስከ አገራዊው ማኅደር

መግቢያ

የአንድ አገር ሀብት ሲቈጠር መሬቱ፣ ውሃው፣ ማዕድኑ፣ ከብቱና እህሉ ይጠቀሳል፤ በዓይን የማይታዩት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቍጥር ውጭ ይቀራሉ። ይሁን እንጂ ሊጡን የሚያቦኩት፣ ጠላውን የሚያፈሉት፣ በባቄላና በአተር ሥር ተጠግተው ከአየር ውስጥ ናይትሮጂን ወስደው ለአዝመራው የሚመግቡት እነርሱ ናቸው። በወረርሽኝ ጊዜም ሰውንና ከብትን የሚያረግፉት ከእነርሱ መካከል ያሉት ናቸው። እነዚህን ሕያዋን ከበሽተኛ፣ ከአፈር ወይም ከምግብ ለይቶ በንጽሕና ማራባት፣ ስምና ታሪክ ሰጥቶ መመዝገብ፣ ሳይሞቱና ሳይለወጡ ለረዥም ዘመን ማቆየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህ ሙያ የሚከናወንበት ተቋም በዚህ ጽሑፍ «የዘር ማኅደር» ተብሏል። የቤተ ሙከራ ሠራተኞች «ካልቸር» የሚሉት በማርቢያ ምግብ ላይ የበቀለው ተሕዋስ ደግሞ የማኅደሩ ንብረት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዘር ማኅደር አሠራር በዓለም እንዴት እንደ ተጀመረና በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ደረሰ መመርመር ነው። በተለይም ከጎንደርና ከአካባቢው ታሪክ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ያሳያል። ከታሪኩ የሚገኘው ዋና ትምህርት አንድ ነው፦ አንድ የተሕዋስ ዘር ጠብቆ የሚቆየው በብዙ ቤት ሲኖር ነው፤ አገርን የሚጐዳውም ዘሩ ወደ ውጭ መሄዱ ሳይሆን ቅጂው በአገር ውስጥ ሳይቀር መሄዱ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ፈንጣጣ በቁስቋም

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ተራራ ሥር እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ይገኛል። ስሙ ቅዱሳን ስደተኞች በግብፅ ካረፉበት ከቁስቋም ተራራ የተወሰደ ነው። እቴጌይቱ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱና ለልጅ ልጃቸው ለኢዮአስ ሞግዚት ሆነው ከገዙ በኋላ የኖሩት በዚሁ ስፍራ ነው።

በ1770 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ በቁስቋም ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። የታመሙት ከእቴጌይቱ ቤተ ሰብ የሆኑ ልጆች ነበሩ፤ ስለዚህ የመድኃኒት ዕውቀት አለው የተባለው እንግዳ ወደ ቁስቋም ተጠራ። ብሩስ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ የተዘጉት በሮችና መስኮቶች እንዲከፈቱ፣ ክፍሎቹ በዕጣንና በከርቤ እንዲታጠኑ፣ በሙቅ ውሃና በኮምጣጤም እንዲታጠቡ አደረገ። የበሽታውን ምክንያት ግን እርሱም ሆነ በጊዜው የነበረ ማንም የአውሮፓ ሐኪም አያውቅም ነበር። ስለዚህ ከዚያ ወረርሽኝ ለትውልድ የተረፈው ምስክርነት በቃላት የተጻፈው ብቻ ነው። በሽታውን ያመጣው ተሕዋስ ምን ዓይነት እንደ ነበረ፣ ከየት መጣ፣ ከሌላው ዓለም ፈንጣጣ በምን ተለየ የሚሉት ጥያቄዎች ከሕሙማኑ ጋር ተቀብረዋል።

ይህ ማለት ግን ሕዝቡ የበሽታውን ዘር ጨርሶ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። በ19ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ እንደ መዘገበው፣ ቀለል ያለ ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቍስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በመብጣት ማስገባት በአገሩ የታወቀ ልማድ ነበር። ዛሬ «ክትባት» የምንለው ቃል የተገኘው «ከተበ» ከሚለው ግስ ነው፤ ከተበ በግእዝ ጻፈ ማለት ነው። በዚህ ልማድ የበሽታው ዘር የሚቀመጠው በዕቃ ሳይሆን በሰው አካል ነበር። ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ክንድ ካልተላለፈ ዘሩ ይጠፋል።

ይኸው ችግር በአውሮፓም ነበረ። የእንግሊዙ ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ከላም ፈንጣጣ ክትባት ካገኘ በኋላ የስፔን መንግሥት ክትባቱን ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ለመላክ ፈለገ። በ1803 በመርከብ የተጫኑት ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት ነበሩ፤ በጕዞው ላይ ተራ በተራ እየተከተቡ ዘሩን በሰውነታቸው አሻገሩ። ሕያው ዘርን ከሕያው አካል ውጭ ማቆየት ባልተቻለበት ዘመን ማኅደሩ ሰው ነበር።

2. የእርሾ ዕቃና የፕራግ ማኅደር

በሌላ በኩል ሰው ተሕዋስን ሳያውቀው በዕቃ ውስጥ ሲያኖር ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። የእንጀራ ሊጥ ከቦካ በኋላ ከላይ የሚንሳፈፈው ቢጫ ፈሳሽ እርሾ ይባላል፤ ባለቤቲቱ ጥቂቱን አስቀርታ ለሚቀጥለው ሊጥ ታደርገዋለች። እርሾው በእርሾ ሕዋሳትና በአሲድ ሠሪ ባክቴሪያ የተሞላ ሕያው ዘር ነው። የአንዷ ቤት እርሾ ቢበላሽ ወይም ቢደርቅ ከጎረቤት ትዋሳለች፤ ከወራት በኋላ ደግሞ የሰጠችው ጎረቤት ራሷ ከተዋሰችው ልትዋስ ትችላለች። ስለሆነም የአንድ መንደር እርሾ የሚዘልቀው በአንድ ቤት በጥንቃቄ ስለ ተያዘ ሳይሆን በብዙ ቤት ስለ ተከፋፈለ ነው። ወደ ፊት እንደሚታየው የዘመናዊው የዘር ማኅደር ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በሳይንስ ረገድ በር የተከፈተው በ1880ዎቹ ነው። በጀርመን የሮበርት ኮህ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ከባሕር አረም በሚወጣው አጋር የተባለ ዝልግልግ ነገር የረጋ ማርቢያ ምግብ ማዘጋጀት ጀመሩ። በዚህ ምግብ ላይ የተዘራ አንድ ሕዋስ ብቻውን ይበዛና በዓይን የሚታይ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ከዚያ ነጠብጣብ የተወሰደው ዘር ንጹሕና አንድ ዓይነት ነው። ንጹሕ ዘር ሲገኝ የመለዋወጥ ፍላጎት ተከተለ። በ1890 ፍራንቲሼክ ክራል በፕራግ ከተማ ከየሳይንቲስቱ የተሰበሰቡትን ዘሮች ይዞ ለሚጠይቁት ሁሉ የሚያድል የመጀመሪያውን ለሕዝብ የተከፈተ ማኅደር አቋቋመ።

ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ተቋማት በየአገሩ ተከታተሉ። በኔዘርላንድ በ1904 የሻጋታና የፈንገስ ማኅደር ተጀመረ፤ ከ1907 ጀምራ የመራችው ዮሃና ቬስተርዳይክ በ1917 የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ሆነች። በእንግሊዝ በ1920፣ በአሜሪካ በ1925 አገራዊ ማኅደሮች ተቋቋሙ። በ1970 ደግሞ የዓለም የዘር ማኅደሮች ፌዴሬሽን ተመሠረተ።

የእነዚህ ተቋማት ጥቅም ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በእንግሊዝ ማኅደር ቍጥር 1 ሆኖ የተመዘገበው ዘር በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በተቅማጥ ከሞተ ወታደር የተወሰደ የሺጌላ ባክቴሪያ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በ2014 ተመራማሪዎች ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ሲመረምሩት፣ ፔኒሲሊን ገና በመድኃኒትነት ሳይታወቅ የተወሰደው ይህ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የመቋቋም ኃይል ነበረው። ይህን ጥያቄ በ1915 ማንም ሊጠይቅ አይችልም ነበር፤ መልሱ ግን በብልቃጥ ውስጥ ተቀምጦ ጠያቂውን ይጠብቅ ነበር። የማኅደር ዋና ዋጋ ይህ ነው፦ ገና ላልተጠየቀ ጥያቄ ምስክር ያቆያል።

3. ዘርን የማቆየት ዘዴ

የመጀመሪያው ዘዴ ዘሩን በየጥቂት ሳምንቱ ወይም በየጥቂት ወሩ ወደ አዲስ ማርቢያ ምግብ ማዛወር ነው። ዘዴው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ሦስት አደጋዎች አሉበት። በማዛወር ጊዜ ሌላ ተሕዋስ ይቀላቀላል፣ የመለያ ጽሑፍ ይሳሳታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዘሩ ራሱ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተለወጠ የመጀመሪያ ጠባዩን ይጥላል። በሽታ የሚያመጣው ዘር ለምሳሌ የማሳመም ኃይሉን ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው ዘዴ በብርድ ማድረቅ ነው። ዘሩ ከወተት ወይም ከስኳር ጋር ተደባልቆ በጥልቅ ብርድ ይረጋል፤ ከዚያም አየር በሚመጥ መሣሪያ በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ እንዲተን ይደረጋል። የደረቀው ዱቄት በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ በእሳት ይታሸጋል። በዚህ መልክ ብዙ ባክቴሪያዎች ለአሥርተ ዓመታት በሕይወት ይቆያሉ። ለኢትዮጵያ ዓይነት የኤሌክትሪክ መቋረጥ ለሚያጋጥመው አገር ይህ ዘዴ ታላቅ ጠቀሜታ አለው፤ የታሸገው ብልቃጥ መብራት ቢጠፋም ወዲያው አይሞትም።

ሦስተኛው ዘዴ ዘሩን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ማኖር ነው። እንደ ካላ አዛር ተውሳክ ያሉት በማድረቅ የሚሞቱ ሕያዋን በዚህ ይጠበቃሉ። ናይትሮጂኑ ግን ያለ ማቋረጥ እየተነነ ስለሚያልቅ በየጊዜው መሞላት አለበት። አንድ ጊዜ የመጓጓዣ ወይም የበጀት እክል ቢያጋጥም የብዙ ዓመት ስብስብ በጥቂት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል።

4. ከኢትዮጵያ የወጡ ዘሮች

በኢትዮጵያ የዘመናዊው የተሕዋስያን ምርምር መሠረት የተጣለው ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ሥራ ጀመረ፤ በ1964 ተግባሩ ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ተቋም ተላለፈ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው የዚያ ተወራሽ ነው። በ1964 በደብረ ዘይት የእንስሳት ክትባት የሚያዘጋጀው ተቋም ተመሠረተ። በ1966 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር አክሊሉ ለማ መሪነት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

በጎንደር በኩል መነሻው መከራ ነበር። በ1953 በጣና ዙሪያ በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚገመት ሰው ገደለ። ይህ ጥፋት የባለሙያ እጥረቱን ስለ አጋለጠ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረ ሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ኮሌጅ የበቀለ ነው። በደንቢያ የሞቱትን ሰዎች የገደለው ተውሳክ ግን በሕይወት ሊቀመጥ የሚችልበት መንገድ ገና አልታወቀም ነበር፤ የወባ ተውሳክን ከሰው አካል ውጭ በተከታታይ ማራባት በዓለም የተቻለው በ1976 ነው። በመስታወት ላይ የደረቀ የደም ናሙና በአጉሊ መነጽር ይታያል እንጂ ዳግመኛ አይበቅልም።

በዚያው ዘመን ከኢትዮጵያ ሕሙማን የተወሰዱ ሌሎች ዘሮች በሕይወት ተርፈው በዓለም ቤተ ሙከራዎች ታወቁ። ከ1960 እስከ 1962 በአገሪቱ ደቡብ ምዕራብ የተነሣው ቢጫ ወባ ወደ 100,000 ሰው አሳምሞ ወደ 30,000 እንደ ገደለ ይገመታል። ከዚያ ወረርሽኝ በ1961 የተገኘው «ኩማ» የተባለ የቫይረስ ዘር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ቢጫ ወባ ከምዕራብ አፍሪካው በምን እንደሚለይ ለማወቅ ከአርባ ዓመት በኋላ ተጠንቷል።

ሌላው ምሳሌ የካላ አዛር ተውሳክ ነው። በዓለም ቤተ ሙከራዎች መድኃኒት ለመፈተሽ ከሚያገለግሉት ዘሮች አንዱ ኤም-ሆም፣ ኢቲ፣ 67፣ ኤችዩ 3 በሚል መለያ ይታወቃል። የመለያው አነባበብ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ክፍል ዘሩ ከአጥቢ እንስሳ፣ ያውም ከሰው መወሰዱን ያመለክታል፤ «ኢቲ» ኢትዮጵያን፣ 67 ደግሞ 1967 ዓመትን ይነግራል፤ የመጨረሻው የዘሩ መጠሪያ ነው። የቁንጭር በሽታን የሚያመጣው ተውሳክም በ1973 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ሲታወቅ በኢትዮጵያ ስም «ሊሽማንያ ኤቲዮፒካ» ተባለ፤ ማመሳከሪያው ዘር ኤም-ሆም፣ ኢቲ፣ 72፣ ኤል 100 ነው። የሰውየው ስም አልተጻፈም፤ የአገሩ ስም ግን በማይፋቅ መለያ ላይ ሰፍሯል። መለያው ያልጠፋ ዘር የትም ቢሄድ ምንጩን ይመሰክራል፤ መለያው የጠፋበት ግን ምንጩን የሚያውቅ የሌለው ወላጅ አልባ ነው።

በቅማል የሚተላለፈው ተመላላሽ ትኩሳት ታሪክ ይበልጥ ያስገርማል። ተሕዋሱ በ1868 በበርሊን ከተማ በኦቶ ኦበርማየር ከታየ በኋላ በብልቃጥ ውስጥ ለማራባት ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቻል ቀረ። በ1994 የተሳካው በኢትዮጵያ ሕሙማን ደም ነው። በ2008 ሙሉ የዘር ውርሱ የተነበበውም ከኢትዮጵያዊ በሽተኛ የተወሰደው «ኤ 1» የተባለው ዘር ነው። የበሽታው ችግር ለረዥም ዘመን የኖረው በኢትዮጵያ ስለ ነበረ ዕውቀቱም ከኢትዮጵያ መገኘቱ የሚጠበቅ ነበር።

5. ከመጻሕፍት ዕጣ የሚገኝ ትምህርት

ዘሮች ከአገር ወጡ ሲባል የብዙ አንባቢ ሐሳብ ወደ ብራና መጻሕፍት ዕጣ መሄዱ አይቀርም። ንጽጽሩ ተገቢ ነው፤ በጥንቃቄ ካልተያዘ ግን ያሳስታል።

በቁስቋም ሕሙማንን የጐበኘው ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ነበር። አንዱ በፓሪስ፣ አንዱ በኦክስፎርድ ተቀመጠ፤ በኦክስፎርዱ ቅጂ መሠረት መጽሐፉ በ1821 በእንግሊዝኛ ታተመ። ብሩስ የወሰደው ቅጂ ስለ ነበረ ሄኖክ በኢትዮጵያ አልጠፋም፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ መነበቡ ቀጠለ። የመቅደላው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍትን አስወስደው በመቅደላ አከማቹ፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተወሰዱ። በ1888 ደግሞ ድርቡሾች ጎንደርን ሲወሩ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት በእሳት ጋዩ፤ በውስጣቸው የቀረውም አብሮ ጠፋ። ስለሆነም በአንድ ስፍራ መከማቸት ለዘረፋ፣ በአንድ ስፍራ ብቻ መቅረት ደግሞ ለእሳት ይዳርጋል።

የተሕዋስያን ማኅደርም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። የክራል ስብስብ እርሱ በ1911 ከሞተ በኋላ ወደ ቪየና ተዛወረ። በ1930ዎቹ ከስብስቡ ከፊሉ ወደ ቺካጎ ተወሰደ፤ በቪየና የቀረው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፋ። ከዓለም የመጀመሪያው ማኅደር ለኋላው ዘመን የተረፈው ቀድሞ ወደ ሌላ ቤት የሄደው ነው።

ተሕዋስ ከብራና የሚለይበት አንድ ታላቅ ነገር አለ። ብራናን ለመገልበጥ ጸሐፊ ወራት ይፈጅበታል፤ የተሕዋስ ዘር ግን በአንድ ሌሊት ራሱን ይገለብጣል። ስለዚህ ዘሩን ለባዕድ ሰጥቶ ባዶ እጅ ለመቅረት የሚያስገድድ ምክንያት የለም። አንድ የኢትዮጵያ ዘር በውጭ ማኅደር ብቻ ሲገኝ የተጓደለው የመክፈልና የማስቀረት ሥርዓት ነው።

የዓለም ሳይንቲስቶች ይህን መርህ ወደ ደንብ ለውጠውታል። ለአዲስ የባክቴሪያ ዝርያ ስም የሚሰጥ ሰው የስሙ መሠረት የሆነውን ዘር በሁለት ልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙና ለሕዝብ በተከፈቱ ሁለት ማኅደሮች ማስቀመጥ አለበት። የደንቡ ሐሳብ ከእርሾ ውሰት ጋር አንድ ነው፤ የአንዱ ቢጠፋ ከሌላው ይገኛል። በ2017 ከኢትዮጵያ ቦሎቄ ሥር የተገኘ አዲስ ዝርያ «ራይዞቢየም ኤቲዮፒከም» ተብሎ ሲሰየም ዘሩ የተመዘገበው በሄልሲንኪና በቤልጅግ በጌንት ማኅደሮች ነው። ደንቡ በትክክል ተፈጽሟል፤ ዘሩም በደኅና እጅ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያን ስም የያዘው ተሕዋስ ከተመዘገበባቸው ሁለት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ አይደለችም። አገራዊ ማኅደር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

6. አገራዊው ማኅደር

በኢትዮጵያ ሕያው ዘርን በአገር ደረጃ የመጠበቅ ሥራ የተጀመረው በዕፀዋት ነው። በ1976 በጀርመን መንግሥት ትብብር የዕፀዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት የገበሬውን ነባር የእህል ዘር ከገበሬው ጋር ሆኖ በመጠበቅ ስሙ በዓለም ታወቀ። በ1998 ማዕከሉ በአዋጅ ወደ ብዝኃ ሕይወት ተቋምነት ሲያድግ ሥልጣኑ ከዕፀዋት አልፎ እንስሳትንና ረቂቅ ተሕዋስያንን እንዲያጠቃልል ተደረገ። ይህ ለተሕዋስያን ዘር በሕግ የታወቀ አገራዊ ቤት የተሰጠበት ዓመት ነው። ተቋሙ ከ2013 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል።

የባለቤትነቱ ጉዳይ በሌላ ሕግ ተደገፈ። ኢትዮጵያ በ1992 የተፈረመውን የብዝኃ ሕይወት ስምምነት በ1994 አጸደቀች፤ ስምምነቱ አገሮች በጀነቲክ ሀብታቸው ላይ ያላቸውን ሉዓላዊ መብት ያረጋግጣል። በ2006 የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 ደግሞ የጀነቲክ ሀብት ከአገር የሚወጣው በኢንስቲትዩቱ ፈቃድ እንዲሆን፣ ከጥቅሙም አገርና ማኅበረ ሰብ እንዲካፈሉ ደነገገ። ከዚያ በፊት አንድ ብልቃጥ በተመራማሪ ሻንጣ ያለ ጠያቂ ሊሄድ ይችል ነበር።

የማኅደር ሥራ ሌላም ገጽታ አለው፤ እርሱም ማሰር ነው። ከ1888 እስከ 1892 «ክፉ ቀን» የተባለውን ረኀብ ያመጣው ዋናው ምክንያት ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ነበር። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በ2011 ሲታወጅ ቫይረሱ በጥቂት በተፈቀደላቸው ቤቶች ብቻ እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ በአፍሪካ ይህ ኃላፊነት የተሰጠው በቢሾፍቱ ለሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ለፓንቫክ ነው። ኢትዮጵያን ያራቆተው በሽታ የመጨረሻ ቅሪት በኢትዮጵያ ምድር ተዘግቶበታል። ፈንጣጣም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻው በ1971 ተጀምሮ የመጨረሻው በሽተኛ በ1976 ተገኘ፤ በ1978 ግን ቫይረሱ በእንግሊዝ በበርሚንግሃም ከቤተ ሙከራ አምልጦ ሰው ገደለ። ዛሬ በአሜሪካና በሩሲያ ባሉ ሁለት ቤቶች ብቻ ተዘግቶ ይገኛል። ስለዚህ የሚባዛ ዘር አለ፣ የሚታሰር ዘርም አለ፤ የትኛው የትኛው መሆኑን መለየት የማኅደሩ ባለሙያ ተግባር ነው።

7. የጎንደር ደጋና ቆላ

ማኅደር ከዋና ከተማ ብቻ አይመገብም። ተሕዋሱ የሚገኘው በሽተኛው፣ አፈሩና እርሾው ባለበት ነው። በ2005 በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ሕዝቡን የጨረሰው ትኩሳት በመጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር፤ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው የሚል ጥርጣሬም ነበር። ምርመራው ሲጠራ ግን በቆላው በመተማና በሑመራ ይታወቅ የነበረው ካላ አዛር ወደ ደጋው መውጣቱ ታወቀ፤ በእርሻ ሥራ ወደ ቆላ ወርደው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች እንዳመጡት ተገመተ። በ2010 የወጣ ጥናት ደግሞ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡትን የካላ አዛር ዘሮች አነጻጽሮ የሰሜኑ ዘር ከሱዳኑ፣ የደቡቡ ከኬንያው ጋር እንደሚቀራረብ አሳየ። እንዲህ ያለ ንጽጽር የሚቻለው ከየስፍራው የተወሰደው ዘር ተጠብቆ ከቆየ ብቻ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የሊሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ዛሬ ሕሙማንን እያከመ ይህን ዕውቀት ያሰፋል።

የሳንባ ነቀርሳም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በ2013 ከወልድያ አካባቢ ሕሙማን የተገኙ የባክቴሪያ ዘሮች በዓለም ከታወቁት ስድስት የዘር ሐረጎች ውጭ የሆነ ሰባተኛ ሐረግ መሆናቸው ተገለጠ። ሐረጉ ከሰሜን ኢትዮጵያና ከዚህ አገር ከወጡ ሰዎች በስተቀር ብዙም አይገኝም። ከሕሙማኑ አክታ የበቀለው ዘር እንደ ተራ ውጤት ተጽፎ ቢጣል ኖሮ ይህ ሐረግ ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

ችግሩ ያለው በዚህ ነው። በሆስፒታል ቤተ ሙከራ ከሽንት፣ ከደም፣ ከአክታና ከቍስል የሚበቅለው ዘር ለሐኪሙ መልስ ከሰጠ በኋላ በእንፋሎት ተቀቅሎ ይወገዳል። ይህ ለጥንቃቄ ተገቢ ነው፤ ሁሉን ማቆየትም አይቻልም። ነገር ግን መድኃኒት ያልበገረው፣ በወረርሽኝ መጀመሪያ የተገኘው፣ ወይም በአዲስ ስፍራ የታየው ዘር ተለይቶ፣ ቀኑ፣ ስፍራውና ምንጩ ተጽፎ፣ አንዱ ቅጂ በዚያው ሲቀመጥ ሌላው ወደ አገራዊው ማኅደር ካልተላከ ምስክሩ ይጠፋል። በዳባትና በደባርቅ ደጋ በባቄላና በአተር ሥር ያለው ናይትሮጂን ሰጪ ባክቴሪያም እንዲሁ ነው፤ ብርዱንና አፈሩን የለመደው ነባር ዘር ለገበሬው ማዳበሪያ ለማዘጋጀት የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባዋል።

መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ታሪክ ለትምህርት ሥራ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ በእናቱ ጓዳ ካለው እርሾ ተነሥቶ የዘር መጠበቅን መርህ ቢማር ትምህርቱ ከሕይወቱ ጋር ይገናኛል። ይህን ለማሳየት አጉሊ መነጽርና ጥቂት የሊጥ እርሾ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ሥልጠና ምርመራን ብቻ ሳይሆን ምዝገባንና አያያዝን ማካተት አለበት። ዘሩን ማራባት ግማሽ ሥራ ነው፤ ከየት፣ መቼ፣ ከምን እንደ ተወሰደ መጻፍ ሌላው ግማሽ ነው፤ ሁለተኛው ከሌለ አንደኛው ከንቱ ነው። ሦስተኛ፣ አገራዊው ማኅደር በአንድ ከተማ የተዘጋ ጎተራ ሳይሆን ከየዩኒቨርሲቲውና ከየሆስፒታሉ ጋር ቅጂ የሚለዋወጥ የቤቶች ኅብረት መሆን ይገባዋል፤ ለውጭ ተመራማሪ ፈቃድ ሲሰጥም ዘሩ ከመሄዱ በፊት ቅጂው በአገር መቅረቱ መረጋገጥ አለበት።

የኢትዮጵያ ገዳማት መጻሕፍትን ያቆዩት በመዝጋት ብቻ ሳይሆን በመገልበጥ ነው። የአንዱ ደብር መጽሐፍ ሲቃጠል ከሌላው ደብር ተገልብጦ ይተካ ነበር። የተሕዋስያን ዘር ጠባቂዎችም የሚጠበቅባቸው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ በእነርሱ ዘንድ ጸሐፊው ዘሩ ራሱ መሆኑ ብቻ ነው።